ታደሰ፣ ኪጴ ወይስ ካንሼ? የዋቢ፣ የሠንጠረዥና የሥዕል አሠራር በዲላና በጌዴኦ የኢኮኖሚክስ ጥናቶች

ስለ ጌዴኦ እርሻ፣ ስለ እንሰቱና ከጥላ ዛፎች ሥር ስለሚበቅለው ቡና የሚጽፍ ተመራማሪ አንድ ሥራ ሳይጠቅስ ማለፍ ይከብደዋል። ታደሰ ኪጴ ካንሼ በ2002 እ.ኤ.አ. በሆላንዱ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያቀረቡት፣ የጌዴኦ የመሬት አጠቃቀም አምስት ሺህ ዓመት ዘልቋል ወይ ብሎ የሚጠይቀው ጥናት ነው። መጽሐፉ አንድ ነው። የዋቢ ዝርዝሮችን ስናገላብጥ ግን አንዱ «ታደሰ (2002)»፣ ሌላው «ኪጴ (2002)»፣ ሦስተኛው «ካንሼ (2002)» ብሎ ይጠቅሰዋል። ነገሩን የማያውቅ አንባቢ በአንድ ዓመት ሦስት ሰዎች ስለ ጌዴኦ የጻፉ ይመስለዋል። ጥቅስ የሚቆጥረው ኮምፒውተርም አንዱን ሰው ለሦስት ይከፍለዋል።

ዋቢ፣ ሠንጠረዥና ሥዕል ማሰናዳት በእኛ ዘንድ የመጨረሻ ሳምንት ሥራ ተደርጎ ይታያል። ተማሪው ትንተናውን ይጨርሳል፤ አማካሪው «ፎርማቱን አስተካክል» ይለዋል፤ የዲፌንስ ቀን ሲደርስ ፍላሹን ይዞ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ወዳለው የጽሕፈትና የጥረዛ ቤት ይሮጣል። እዚያ ያለው ባለሙያ ኅዳጉን ያስተካክላል፣ ርዕሶቹን ያደምቃል፣ ማውጫውን ያወጣል። ዓመቱ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሆነ፣ ፈረሱላው ስንት ኪሎ እንደሆነ፣ ወረዳው መቼ እንደተከፈለ ግን ሊያውቅ አይችልም፤ ሥራውም አይደለም። እነዚህን የሚያውቀው መረጃውን የሰበሰበው ሰው ብቻ ነው። የወናጎ ወይም የቡሌ ገበሬ ለጠያቂው የሰጠው መልስ ከዓመታት በኋላ ሊመረመር የሚችለው ጸሐፊው ይህን በቦታው ካሰፈረው ነው። ስለዚህ ፎርማት የሚባለው ነገር መጠይቁ በሚዘጋጅበት ቀን መጀመር አለበት ብዬ አምናለሁ።

ስለ ዋቢ ስልቶች ብዙ መከራከር አያስፈልግም። የደራሲን ስምና ዓመት በቅንፍ የማስገባት ልማድ በ1881 እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ሎረንስ ማርክ ከተባሉ የሃርቫርድ የእንስሳት ሳይንስ ሊቅ ሥራ ጋር ተያይዞ ይነገራል። የቺካጎ መመሪያ በ1906 ወጣ፤ የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር መመሪያ ደግሞ በ1929 በጥቂት ገጽ ጽሑፍ ተጀምሮ በ2019 ሰባተኛ እትሙ ላይ ደርሷል። የአሜሪካ ኢኮኖሚክስ ማኅበር መጽሔቶች የሚከተሉት የቺካጎን የደራሲና ዓመት ሥርዓት ነው። በእነዚህ መካከል ያለው ልዩነት ባብዛኛው የነጥብና የቅንፍ ልዩነት ነው። ትምህርት ክፍሉ አንዱን ይምረጥ፤ ተማሪው እስከ መጨረሻው ይከተለው። ፈታኞች በዲፌንስ ላይ በሰረዝና በነጥብ የሚያጠፉትን ጊዜ ስሞችና ዓመቶች ላይ ቢያውሉት እመርጣለሁ፤ መመሪያዎቹ ለእኛ መልስ ያልሰጡት እዚያ ነውና።

ከስም እንጀምር። የውጭ መመሪያዎች «የቤተሰብ ስም፣ ቀጥሎ የመጀመሪያ ስም ፊደል» ይላሉ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ከራስ ስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባት ስም ነው። ኢኮኖሚስቱን ዓለማየሁ ገዳን «ገዳ፣ ዓ.» ብሎ መጻፍ ልጁን በአባቱ ስም መጥራት ነው። በዚህ ብቻችንን አይደለንም፤ አይስላንዶችም የስልክ ማውጫቸውን ሳይቀር በራስ ስም ነው የሚደረድሩት። ጆርናል ኦቭ ኢትዮጵያን ስተዲስም ሆነ አምስት ቅጽ ያለው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም፣ የአባት ስም አስከትለው፣ ሳይገለብጡ ያስቀምጣሉ። ታዋቂ ኢኮኖሚስቶቻችን ግን በዓለም አቀፍ ጽሑፎች ውስጥ በሁለቱም መልክ ይገኛሉ፤ የዓለማየሁ ገዳ ሥራዎች በ«ዓ»ም በ«ገ»ም ሥር ተበትነዋል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ በአገር ውስጥ በሚቀርብ ጽሑፍ የኢትዮጵያዊ ስም ሳይገለበጥ፣ በሙሉ፣ ያለ ኮማ ይጻፍ። በጽሑፉ ውስጥ ሲጠቀስም «ታደሰ (2002)» ከማለት «ታደሰ ኪጴ (2002)» ቢባል ይሻላል፤ በአገራችን ስንት ታደሰ አለ! የውጭ መጽሔት ግዴታ ካደረገብን ግን መገልበጡን ተቀብለን፣ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁሉንም በአንድ ዓይነት እንገልብጥ። ሥርዓቱን ጭፍን ማድረግም አይገባም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከፊሊፓ ቤቫን ጋር የኢትዮጵያ መንደሮችን ጥናት ያዘጋጁት አሉላ ፓንክረስት ስማቸው ሐበሻ ነው፤ ፓንክረስት ግን እውነተኛ የቤተሰብ ስም ስለሆነ በ«ፓ» ሥር ይገባሉ። ወጣት ተመራማሪዎች ደግሞ በመጀመሪያ ጽሑፋቸው ላይ የስማቸውን አጻጻፍ፣ የላቲን ፊደሉን ጭምር፣ ወስነው በዚያው ይጽኑ። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጠውን ኦርኪድ የተባለ የተመራማሪ መለያ ቁጥር ቢያወጡ በነፃ ነው፤ ስማቸው በየመጽሔቱ ቢለዋወጥም ቁጥሩ ሥራዎቻቸውን ይሰበስብላቸዋል።

ዓመት ከስም የባሰ ነው። የቡና ጥራት ቁጥጥርና ግብይት አዋጅ በአማርኛው 602/2000፣ በእንግሊዝኛው 602/2008 ነው። የኋለኛው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅም 1051/2009 እና 1051/2017 ተብሎ ይጻፋል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ አዋጅ 550/1999 ወይም 550/2007 ነው። በአንድ የዋቢ ዝርዝር ውስጥ ሁለቱም መልክ ሲገባ አንድ ሕግ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። ነጋሪት ጋዜጣው ሁለቱንም ቋንቋ ጎን ለጎን ስለሚያትም፣ ጸሐፊው ያነበበውን ዓምድ ዓመት ይዞ የዘመን አቆጣጠሩን አብሮ መጻፍ ብቻ ይበቃዋል።

በሠንጠረዥ ግርጌ የምናየው «ምንጭ፦ የራስ ጥናት፣ 2015» የሚል መስመር ደግሞ ከሁሉም የከፋ ጉዳት ያደርሳል። 2015 ዓ.ም. ከሆነ ዶላር ከ50 ብር በላይ ይመነዘርበት የነበረ ጊዜ ነው። 2015 እ.ኤ.አ. ከሆነ ግን 20 ብር ገደማ ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ያለ ዓመትና ያለ ወር የቀረበ የብር ገቢ ምንም አይነግረንም። በጌዴኦ ላይ ደግሞ ወሩ ራሱ ወሳኝ ነው። እሸት ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ አካባቢ ነው። ያን ጊዜ የተጠየቀ ቤተሰብና በሐምሌ ዝናብ፣ ገንዘቡ አልቆ እንሰት ላይ በተደገፈበት ወቅት የተጠየቀ ቤተሰብ ስለ ገቢያቸውና ስለ ቁጠባቸው አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም። ስለዚህ «የራስ ጥናት» የሚለው መስመር ወሩን ከነዘመን አቆጣጠሩ፣ ቀበሌዎቹንና የተጠየቁትን ቤተሰቦች ቁጥር ይያዝ። አንድ መስመር ተኩል ቢፈጅ ነው።

የመንግሥት ተቋማት ስም ሌላው ወጥመድ ነው። የአገሪቱን ስታቲስቲክስ የሚያወጣው መሥሪያ ቤት ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ባለሥልጣን ነበር፤ ከዚያ ኤጀንሲ ሆነ፤ በ2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ተባለ። ብዙ ተማሪ የ1999ኙን የሕዝብ ቆጠራ ዛሬ ባለው ስም ይጠቅሳል። ደንቡ ቀላል ነው፦ በሰነዱ ሽፋን ላይ ያለው ስም ይጻፍ። በእንግሊዝኛ ለሚጽፉ ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። የአገልግሎቱ ምኅጻር «ኢኤስኤስ» ነው፤ ከዓለም ባንክ ጋር በ2018/19 እና በ2021/22 እ.ኤ.አ. ጭምር የተካሄደው የኢትዮጵያ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ የቤተሰብ ጥናትም በእንግሊዝኛ «ኢኤስኤስ» ነው። ያው ሦስት ፊደል በአንድ ገጽ ላይ ለአሳታሚውም ለመረጃውም ሲውል አንባቢ ይጠፋል። የመረጃ ቋት ሲጠቀስ የጥናቱ ዙር፣ የፋይሉ እትምና የወረደበት ቀን አብሮ ይቀመጥ።

ወደ ሠንጠረዥ ስንመጣ አንዱን ቀርበን እንየው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የጌዴኦ ዞን ሕዝብ 847,434 ነበር፤ ወንድ 424,742፣ ሴት 422,692። ስፋቱ 1,210.89 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ የከተማ ነዋሪው 107,781 ነው። ብዙ ጽሑፎች ከዚህ «699.84 ሰው በካሬ ኪሎ ሜትር» የሚል ቁጥር ያወጣሉ። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ነገር ግን ከነጥብ በኋላ ያሉት ሁለት አኀዞች ሊኖር የማይችል ጥራት ያስመስላሉ። «700 ገደማ» ማለት የበለጠ እውነት ነው፤ የከተማው ድርሻም 12.7 በመቶ ቢባል ይበቃል። ርዕሱ ከሠንጠረዡ በላይ ይቀመጥና ብቻውን ይናገር፦ የምን ቁጥር፣ የት፣ የመቼ። ቋሚ መስመሮች ይውጡ፤ ከላይ፣ ከርዕስ ረድፉ ሥርና ከታች ሦስት አግድም መስመር ይበቃል። ቁጥሮች በቀኝ በኩል፣ ነጥብ በነጥብ ትይዩ ይሰለፉ። ከታች ደግሞ ማስታወሻ ይኑር። በዚህ ሠንጠረዥ ማስታወሻው ግዴታ የሚሆንበት ምክንያት አለ፤ ጮርሶና ራጴ ወረዳ ሆነው የተቋቋሙት ከቆጠራው በኋላ ነው። የዛሬን ወረዳዎች በረድፍ ደርድሮ የ1999 ቁጥር የሚሞላ ሰው ወይ ሁለቱን ባዶ ይተዋል፣ ወይ ከሌላ ምንጭ አምጥቶ ሳይናገር ይቀላቅላል። «ወረዳዎቹ በቆጠራው ጊዜ በነበራቸው ወሰን ናቸው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ችግሩን ትፈታለች።

መለኪያም እንዲሁ። በምርት ገበያው የቡና ዋጋ የሚነገረው በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ ነው። የኒውዮርክ ዋጋ በፓውንድ፣ የዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት መጠን በ60 ኪሎ ከረጢት፣ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሪፖርት በኩንታል ነው። አንድ ፈረሱላ 37.5 ፓውንድ ያህል ነው፤ ይህን ያላሰበ ንጽጽር ከመጀመሪያው ረድፍ ይሳሳታል። እሸቱ፣ ጀንፈሉና የታጠበው ቡና ደግሞ አንድ ዕቃ አይደሉም። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ ገደማ እሸት ስለሚያስፈልግ «የቡና ምርት በኪሎ» የሚል አምድ የትኛውን እንደመዘነ ካልተናገረ ልዩነቱ በእጥፍ ብቻ አይቆምም። «ይርጋጨፌ» የሚለው ቃልም በሠንጠረዥ ውስጥ ማብራሪያ ይፈልጋል። ይርጋጨፌ ወረዳ አለ፤ ይርጋጨፌ ከተማ አለ፤ በምርት ገበያው ምደባ ይርጋጨፌ የሚባለው ቡና ደግሞ ከወናጎና ከኮቸሬ የሚመጣውንም ይጨምራል። የቡናውን ዓይነት ሽያጭ ለወረዳው ገበሬ ቁጥር የሚያካፍል ሠንጠረዥ መልኩ ያማረ ቢሆንም መልሱ ባዶ ነው።

የሪግሬሽን ሠንጠረዥ ብዙ ጊዜ ስታታ ከተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር መስኮት ፎቶ ተነሥቶ ይለጠፋል። «ኤልኤንኢንካም» የሚል የፋይል ስም «የቤተሰብ የዓመት ገቢ፣ በሎጋሪዝም» ተብሎ መተርጎም የጸሐፊው ሥራ ነው። ስታንዳርድ ኤረሩ በቅንፍ ይቀመጥ፤ የናሙናው ብዛት ይጻፍ፤ መጀመሪያ ቀበሌ ተመርጦ ቀጥሎ ቤተሰብ የተመረጠ ከሆነ ስታንዳርድ ኤረሩ በቀበሌ መሰብሰቡ በማስታወሻው ይነገር። በኮከብ ምልክት ላይ ክርክር አለ። የአሜሪካ ኢኮኖሚክስ ማኅበር ደራሲዎች የኮከብ ምልክት እንዳይጠቀሙ፣ ስታንዳርድ ኤረሩን ብቻ እንዲያሳዩ ይጠይቃል። በእኛ ቤት ግን ኮከብ የሌለው ሠንጠረዥ ያልተጠናቀቀ ይመስለናል። ለምሳሌ ያህል፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር አባልነት ግምቱ 0.21፣ ስታንዳርድ ኤረሩ 0.10 ቢሆን በአምስት በመቶ ደረጃ ሁለት ኮከብ ያገኛል። 0.19 ቢሆን አንድ ብቻ ይቀረዋል፤ ተማሪውም «አባልነት ደካማ ተፅዕኖ አለው» ብሎ ሌላ ምዕራፍ ይጽፋል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ለይርጋጨፌ የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን አባል ገበሬ የሚታይ ልዩነት የለም። ኮከቡን የመተውን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ የሚከብድ ከሆነም ከኮከቡ አስቀድሞ የግምቱን መጠን በብር ወይም በመቶኛ የሚያስረዳ ዓረፍተ ነገር ይቅደም።

የሠንጠረዥ ስህተት የተማሪ ብቻ አይደለም። ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የዕዳና የዕድገት ጥናት፣ የመንግሥት ዕዳቸው ከ90 በመቶ ያለፈ አገሮች አማካይ ዕድገት ከዜሮ በታች 0.1 በመቶ ነው ብለው ነበር። በ2013 ቶማስ ሄርንደን የተባለ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የኤክሴል ፋይሉን ከራሳቸው ተቀብሎ ሲመረምር አማካዩ አምስት አገሮችን ዘልሎ እንደተሰላ አገኘ። ይህና ሌሎች የዓመትና የክብደት ምርጫዎች ሲስተካከሉ ቁጥሩ 2.2 በመቶ ሆነ። ተማሪው ይህን ማድረግ የቻለው ሠንጠረዡ ከየትኛው ፋይል እንደመጣ ሊጠየቅ ስለሚችል ነው።

ሥዕል ላይ አጭር ልሁን። ዊልያም ፕሌይፌር በ1786 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝን ንግድ በመስመር ሲስል የፈለገው ዓይን ብዙ ቁጥር በአንድ ጊዜ እንዲያይ ነበር። የእኛ የመመረቂያ ጽሑፎች ግን ስለ ሁለት ቁጥር፣ ስለ ወንድና ሴት፣ ባለ ሦስት ገጽታ የክብ ግራፍ ይሠራሉ። ያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ጽሑፎቻችን በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ የሚባዙ በመሆናቸው ቀይና አረንጓዴ መስመር ሁለቱም ግራጫ ይሆናሉ፤ አንዱን ሙሉ፣ ሌላውን የተቆራረጠ አድርጎ ስሙን መስመሩ ጫፍ ላይ መጻፍ ይሻላል። የቡና ዋጋ ግራፍ የዋጋ ንረቱ ተቀንሶለት እንደሆነና እንዳልሆነ ከሥሩ ይናገር።

በዲላ ዩኒቨርሲቲ ጽሑፎች ውስጥ የማይቀረው ሥዕል የጥናት ቦታው ካርታ ነው፤ ኢትዮጵያ፣ ክልሉ፣ ጌዴኦ፣ ከዚያ ወረዳው። ብዙዎቹ ካርታዎች ከቀደሙ ጽሑፎች እየተገለበጡ ስለሚመጡ ጌዴኦን አሁንም በቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ውስጥ ያሳያሉ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ዞኑ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ነው። መረጃው ከዚያ በፊት የተሰበሰበ ከሆነ የቀድሞውን ክልል ማሳየት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ወሰኑ የየትኛው ዓመት እንደሆነ፣ ፋይሉም ከየት እንደተገኘ ከሥሩ ይጻፍ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም ከዞኑ ወሰን ጋር አንድ አይደለም፤ በካርታ ላይ የሚያመሳስሏቸው አሉ። ሚዛኑ በመስመር ይሳል፤ «1፡50,000» ተብሎ የተጻፈ ሚዛን ገጹ ሲያንስ ሐሰት ይሆናል።

መሣሪያዎቹ ይረዳሉ። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ዞቴሮ ነፃ ነው፤ ስሙን ለሁለት ሳጥን ሲከፍል ግን ኢትዮጵያዊውን ይገለብጠዋል። የአንድ ሳጥን ምርጫ ስላለው «ታደሰ ኪጴ ካንሼ» ብሎ በሙሉ ማስገባት ይቻላል። በዎርድ የሠንጠረዥ ቁጥር በእጅ ከመጻፍ በራሱ የመግለጫ ትእዛዝ ማስገባት «ሠንጠረዥ 4.6ን ይመልከቱ» ተብሎ 4.5 ብቻ ያለበትን ጽሑፍ ያስቀራል። ከስታታ ሠንጠረዥን በቀጥታ የሚያወጡ ትእዛዞችም አሉ። አሁን የመጣው አዲስ አደጋ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይከብዳል፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሌለ ጽሑፍን ከእውነተኛ ደራሲ ስምና ከእውነተኛ መጽሔት ጋር አጣምሮ ዋቢ ይፈጥራል። በጌዴኦ ጉዳይ ላይ የታተመው ጥቂት በመሆኑ ፈጠራው በቀላሉ ይመጣል፤ ለመለየትም ይቸግራል። ያልተከፈተና ያልተነበበ ሰነድ በዋቢ ዝርዝር አይግባ፤ ዲጂታል መለያ ቁጥር ካለው ቁጥሩ ተከፍቶ ይታይ።

ይህን ሁሉ ለመለማመድ ጌዴኦ ራሱ የተዘጋጀ መረጃ አለው። የኢትዮጵያ የገጠር ቤተሰቦች ጥናት ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሥራ አምስት መንደሮች ሲካሄድ፣ አንዱ መንደር በቡሌ ወረዳ ያለው አዳዶ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል፣ የኦክስፎርዱ የአፍሪካ ኢኮኖሚዎች ጥናት ማዕከልና ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ድረስ ወደነዚያው ቤተሰቦች ተመላልሰዋል። አዳዶ በብዙ የዓለም አቀፍ መጽሔት ሠንጠረዦች ውስጥ በአንድ ረድፍ፣ አንዳንዴም በአንድ የኮድ ቁጥር ብቻ ተቀምጧል። ፋይሉ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ መጠይቆቹም አብረው አሉ። የዲላ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል የምርምር ዘዴን ሲያስተምር ከታተሙት ሠንጠረዦች አንዱን መርጦ ተማሪዎቹ የአዳዶን ረድፍ ከጥሬ ፋይሉ እንደገና እንዲያወጡ ቢያደርግ፣ የትኛው ዙር፣ የትኛው ወር፣ ስንት ቤተሰብ፣ በምን መለኪያ የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን መረጃ፣ የተጠያቂዎቹ ስም ተሰርዞ፣ ከነመጠይቁና ከነትእዛዝ ፋይሉ ከመመረቂያ ጽሑፉ ጋር ለቤተ መጻሕፍቱ እንዲያስረክብ መጠየቅ ይቻላል።